የሌላ ቀጠና ዲስክ

ጡረታ የወጡት ተቆጣጣሪ አንድ ዕቃ የሚገዙት ዕቃውን ወደውት አይደለም፤ የሚነቅፉበት ሲያጡ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሚዛንና በመለኪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነበር። የሥጋ ቤቱን ሚዛን፣ የማደያውን ቆጣሪ፣ የጨርቅ ነጋዴውን ሜትር እየመረመሩ ያለፈውን በቀጭን ሽቦና በእርሳስ ያትማሉ፤ የወደቀውን ባለቤቱ እያየ ቀይ ቀለም ይቀቡታል። ከሁለቱ የትኛውን ሲያደርጉ ፊታቸው እንደሚፈካ የማያውቅ ባለሱቅ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ሲያሰናብታቸው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎተታል። ስጦታ ነውና ሳሎን ሰቅለውታል፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው።

እንዲህ ያለ ሰው ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ሊገዛ ሲነሣ ለሻጩ ማዘን ነው። ተቆጣጣሪው መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆመው አነበቡት። መጨረሻው ገጽ ላይ ዓለም በቀጠና በቀጠና ተከፋፍላ፣ እያንዳንዱ ቀጠና ቁጥር ተሰጥቶት ሲያዩ ልባቸው ሞቀ። የአንዱ ቀጠና ዲስክ በሌላው ቀጠና ማጫወቻ አይጫወትም ይላል። ማጫወቻው ጀርባ ላይም ትንሽ የምድር ሉል ተሥላ መሐሏ ላይ የዚህ ቀጠና ቁጥር ተቀምጧል። ራሱን የሚቆጣጠር ዕቃ እስከዚያ ቀን ድረስ አላዩም ነበር።

የሱቁ ቴክኒሻን ግን ሰው ደስ ሲለው ዝም ብሎ ማየት የማይሆንለት ዓይነት ነው።

«ከፈለጉ ቁልፉን ልክፈትልዎት» አለ። «ያኔ የየትም አገር ዲስክ ቢሰጡት ይበላል።»

ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ይህ ምልክት ነው። ቅርብ ያለን ነገር የሚያዩት ያለ መነጽር ስለሆነ፣ ዕቃ ሲመረምሩ መነጽሩ ወደ ግንባር ይወጣል፤ ሰውን እንደ ዕቃ ሊመረምሩ ሲፈልጉም እንዲሁ።

«ያገኘውን ሁሉ የሚበላማ ቤቴ አይገባም» አሉ። «እንደዚያ ያለ አንድ አማች አለኝ፤ ይበቃኛል።»

ቤት ሲደርሱ ከመሳቢያቸው ፒንሳ አወጡ። ተራ ፒንሳ አይደለም፤ ጥርሱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት የተቀረጸበት፣ የእርሳስ ማኅተም መጭመቂያ ነው። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ መቀበል ረሳ፣ እሳቸውም ማስታወስ ረሱ። ከማጫወቻው ጀርባ ያሉትን ብሎኖች በሽቦ አያያዙ፤ የሽቦውን ጫፍና ጫፍ በአንዲት የእርሳስ ፍሬ ውስጥ አሳለፉ፤ እንደ ልማዳቸው አቧራ እንዳይኖርባት እርሳሷን እፍ አሉባትና በፒንሳው ጨመቋት።

«ከእንግዲህ ይህን የሚከፍት በሕግ ይጠየቃል» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ከባለቤታቸው በቀር ማንም አልነበረም። እሳቸውም የተቀደደ ካልሲ ይጠቅሙ ስለነበር ቀና አላሉም።

የሪሞቱ ቦታ የተቆጣጣሪው የሸሚዝ ኪስ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማጫወቻው የሚከፈተው ሲፈቀድለት ነው።

አሁን ስለ አማቻቸው። አማቻቸው ጎሚስታ ነው። የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው የልጃቸው ባል ምን እንደሚሠራ ሲጠይቋቸው ተቆጣጣሪው «አየር ይሸጣል» ይላሉ፤ ሰዎቹም የአየር መንገድ ሠራተኛ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለዎት ብለው ያልፋሉ። ጎሚስታው ደግሞ እንዲህ ቢሉትም ሽሙጡ አይገባውም። ጎማ ከመንፋት ሌላ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጎማ ማስተንፈስ ነው። የዲስክ ጭረት በሳሙና ይጠፋል ብሎ ያምናል፤ ዲስኮቹንም ከሳህኖቹ ጋር አጥቦ ያሰጣቸዋል። ቴሌቪዥኑ ያገለገለ፣ የጎኑ ስንጥቅ በጎማ ማስቲሽ የተለበጠ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጭረት ለዜና አንባቢዋ ጉንጯ ላይ ጠባሳ የሚያወጣባት ነው። ማጫወቻውን መንገድ ዳር ከተዘረጋ ሸራ ላይ አንሥቶ ነው የገዛው፤ በጀርባው የምድር ሉልም የለ፣ ቁጥርም የለ፣ የሠራው ሰው ያፈረበት ይመስል የተሠራበት አገር እንኳ አልተጻፈበትም። የሰጡትን ግን ያጫውታል። የተጫረ፣ የተቀዳ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በሳሙና የታጠበ፣ ሁሉንም። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ አይተውት «ይህ ዕቃ ሃይማኖት የለውም» ብለው ተመልሰዋል።

ከሴት ልጃቸው ሌላ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው የሚሉት ራሳቸው ናቸው እንጂ ልጁስ አለ፤ ባሕር ማዶ ነው። የልኬት ምሕንድስና ተምሮ የአባቱን ወንበር እንዲወርስ ተልኮ፣ ትምህርቱን ጥሎ ትያትር ቤት ገባ። ይህን በስልክ ሲነግራቸው ተቆጣጣሪው ብዙ አልተናገሩም። «ሁለተኛ ፊትህን አላይም» አሉና ዘጉ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። የልጁ ፎቶግራፍ ከኮሪደሩ አልወረደም፤ ባለቤታቸው አይወርድም ብለዋል። ተቆጣጣሪው ግን በዚያ ሲያልፉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ። ያለ መነጽር ደግሞ ከክንዳቸው የራቀ ነገር ሁሉ ጭጋግ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ዲስክ ይዛ መጣች። ወንድሟ ነው የላከው። ፊልም ላይ ወጥቷል፤ ያውም በየሱቁ የሚሸጥ፣ በሣጥኑ ላይ ሥዕል ያለው እውነተኛ ፊልም። ሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል የእሱ አይደለም፤ የአንድ ፂማምና የአንድ መኪና ነው። ቢሆንም እናቱ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ተቆጣጣሪው ከጋዜጣቸው ሳይወጡ የማላገጫውን ዕቃ ከዓይናቸው እንዲያርቁላቸው ጠየቁ። ባለቤታቸው ዲስኩን አርቀው አርቀው ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ ልክ ከጋዜጣው ትይዩ አስቀመጡት።

ሪሞቱ ያለው ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው አልለመኑም። ብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ሰው ናቸውና ልመና ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ፤ ዝምታም ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ።

ዝምታው ሠራ። አንድ ረፋድ ባለቤታቸው ገበያ ሲወጡ ተቆጣጣሪው በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውን ጋረዱ። በገዛ ቤታቸው እንደ ሌባ በእግር ጣታቸው እየሄዱ ዲስኩን አነሡ። መነጽራቸውን ሰቅለው በብርሃን አገላበጡት፣ እፍ አሉበት፣ ለማጫወቻው ሰጡት። ማጫወቻው ትሪውን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ጥቂት አጉረመረመ፣ ከዚያ ሰማያዊ መስኮት ከፍቶ በባዕድ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ዲስኩ ለዚህ ቀጠና አልተፈቀደም።

ሣጥኑን ገለበጡ። ከጀርባው እንደዚያችው ያለች ትንሽ የምድር ሉል አለች፤ መሐሏ ያለው ቁጥር ግን ሌላ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማቸው ኩራት ነበር። ዕቃ ማለት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ፊት እንኳ አያዳላም። ቆይተው ግን ቁልፉን ደግመው ተጫኑ። ማጫወቻውም ያንኑ ደገመላቸው። ሦስተኛ ሞከሩ፤ ያንኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲነግሩት የኖሩትን ቃል ማጫወቻው ለእሳቸው ይነግራቸዋል። ያን ቃል ከወዲያ ማዶ ሆነው ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነበር፤ ድምፀቱን አልወደዱትም።

ባለቤታቸው ተመልሰው መጋረጃው ለምን እንደተጋረደ ጠየቁ። ፀሐይ መስታወቱን እንደሚጎዳው ተነገራቸው። ባለቤታቸው ወደ ዲስኩ ሣጥን አዩ፤ ፂማሙ ሰውዬ ተዘቅዝቆ ቆሟል።  ዲስኩን አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል። ኩሽና ገብተው ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ።

ተቆጣጣሪው ጋዜጣቸውን ይዘው ጠበቁ። አንዱን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበቡት እንጃ። ባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«መነጽር አድርጓል።»

ከዚያ ስለ ሽንኩርቱ ቀጠሉ።

ልጁ ከቤት ሲወጣ መነጽር አልነበረውም። ተቆጣጣሪው ሌሊቱን በሙሉ ተገላበጡ። የቅርብ ነው የሩቅ? እንደ እሳቸው ነው? በምን ዕድሜው ጀመረው? እነዚህን የሚጠይቁት ሰው ቢያጡ ጠዋት ጋዜጣውን ጠየቁት። ጋዜጣው ስላልመለሰ ባለቤታቸው መለሱላቸው።

«ሄደህ እይ።»

«የት? ጎማ መሐል?»

«እንግዲያው ይቺን ሽቦ በመቀስ ልበላትና ቴክኒሻኑን ልጥራው።»

ተቆጣጣሪው ሰው ልግደል እንደተባሉ ደነገጡ። ማኅተም በጥሰው አያውቁም፤ የበጠሱትን ነው ፍርድ ቤት ሲያቆሙ የኖሩት። የገዛ ማኅተማቸውን፣ በገዛ ፒንሳቸው የጨመቋትን! ባለቤታቸው መቀሱን መልሰው አስቀመጡ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። «አንተ ደግሞ ወረቀት እንኳ አልያዝክም። ሽቦ ነው የያዝከው።»

ሽቦው የማይበጠስ ከሆነ ዘንድ ተቆጣጣሪው ሌላ መላ መቱ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። የአማቻቸውን ማጫወቻ ወደዚህ ማስመጣት፤ ለማየት ሳይሆን ለምርመራ። እንዲህ ያለ መነሻው የማይታወቅ ዕቃ ልጃቸው ቤት ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሲኖር አባት ሆነው ዝም ማለት አልነበረባቸውም፤ እሳት ቢነሣስ? ባለቤታቸው ይህን ቃል በቃል ለልጃቸው አደረሱ። ልጅቱም ለባሏ አደረሰች። ጎሚስታው አማቱ ስለ ጤንነቱ ተጨንቀው መሰለውና ሆዱ ባባ። የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ፣ ማጫወቻውን በአሮጌ የውስጥ ጎማ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞት መጣ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ምን ጊዜም አስባለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የለም» እያለ ገባ። እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፤ ተቆጣጣሪው የእጁን ቀለም አይተው ክንዱን ጨበጡ።

ጎሚስታው ቢጫውን፣ ቀዩንና ነጩን ገመድ ሰካካ። የተቆጣጣሪው የታሸገ ማጫወቻ እንደ ተሻረ ሹም ወደ ጎን ተገፋ። ዲስኩ ገባ። ይኼኛው ማጫወቻ አላጉረመረመም፣ ቁጥርም አልጠየቀም፤ ጎረሰ። ወዲያው ሙዚቃ ተሰማ። ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸው በቦታው መኖሩን በጣታቸው አረጋገጡ።

ሥዕሉ መጣ፤ ግን አመድ ነው። ቀለም የሚባል የለውም። አልቆምም ብሎም ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል። የሰው እግር ከላይ፣ ጭንቅላቱ ከታች፣ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር። ፂማሙ ሰውዬ መኪናውን በአናቱ ተሸክሞ ያልፋል፤ ያልፍና ደግሞ ይመጣል።

ጎሚስታው ቴሌቪዥኑን በመዳፉ ጠፈጠፈው። እሱ ቤት እንዲህ ሲደረግ ነገር ይስተካከላል። ተቆጣጣሪው እጁን እንዲያነሣ በዓይናቸው አዘዙት።

«ያውና! እሱ ነው!» አለ ጎሚስታው ድንገት።

«የቱ?»

«ያለፈው።»

ሁሉም እያለፈ ነው። ተቆጣጣሪው አንገታቸውን ከሥዕሉ ጋር ወደ ላይ እየሳቡ ለመከተል ሞከሩ፤ አንገት ደግሞ አይንከባለልም። መነጽር የመሰለ ነገር አዩ። የመኪና መብራትም ሊሆን ይችላል።

መመሪያውን አወጡና የቴሌቪዥኑን ክፍል አነበቡ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሥዕል የሚላክበት ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል፤ የመስመሩ ብዛት ሌላ፣ በሴኮንድ የሚያልፈው ሥዕል ሌላ፣ ቀለሙ የሚታሰርበት መንገድ ሌላ። ይህ ቴሌቪዥን የዚህን ቀጠና ሥርዓት እንጂ ሌላ አይቀበልም። ይህም ሲገዙት ደስ ካሰኟቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ልጃቸውን ለምን እንደማያዩት አሁን በሚገባ ገባቸው። መግባቱ ግን ሥዕሉን አላቆመላቸውም።

ጎሚስታው በበኩሉ መመሪያ አላስፈለገውም። ማጫወቻውን በውስጥ ጎማው እየጠቀለለ የራሱን ማብራሪያ ሰጠ።

«ይቺ ቴሌቪዥን ትመርጣለች አባባ። መራጭ ደግሞ ይወድቃል ከምራጭ። የእኔዋ እንደሆነች አትመርጥም፤ እሑድ ብቅ ይበሉ። እሑድ ኮምፕሬሰሩም አይጮኽም።»

ይህን ያለው ለነገር አይደለም፤ ለነገር የሚሆን ጭንቅላት የለውም። ለዚያ ነው ይበልጥ ያቃጠላቸው።

እስከ እሑድ ተቆጣጣሪው ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። ፊቱን አላይም ያሉት የልጁን ፊት ነው፤ ሥዕል ፊት አይደለም፤ ሥዕል መስመር ነው፣ መመሪያው ራሱ ብሏል። ደግሞም ቃል የሰጡት በዚህ ቤት ቆመው ነው። ጎማ ቤት ሌላ ቀጠና ነው። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ መከራከሪያ ያቀረበ ባለሱቅ ሁለት እጥፍ ይቀጣ ነበር።

እሑድ ዕለት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ከኋላ አስከትለው ሄዱ። የጎሚስታው ቤት ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ከነኩሽናዋ ናት። ወደዚያ ለመግባት በተደረደሩ ጎማዎች መሐል በጎን ማለፍ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበትን የጥቁር ውኃ በርሜል መዞር፣ ክሪኩን መሻገር ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው የኮታቸውን ጫፍ እንደ ሴት ቀሚስ ሰብስበው ተሻገሩ። ግድግዳው ላይ የጎማ ነፋስ መለኪያ ተሰቅሏል። አዩት። ማኅተም የለውም። ምንም አላሉም፤ ባለቤታቸውም ምንም አለማለታቸውን አስተዋሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ። ጎሚስታው የሚስቱ ወንድም የፊልም ሰው መሆኑን ለመንደሩ አውጆ ስለነበር የጎረቤቱ ባትሪ ሠሪ ቀድሞ ቦታ ይዟል፤ ፊልሙን ሁለቴ አይቶታል፣ ይህ ሦስተኛው ነው። ተቆጣጣሪው ሶፋው ላይ ቁጭ እንዲሉ ተለመኑ። ሶፋውን መነጽራቸውን ሰቅለው ካዩት በኋላ የእንጨት ወንበር መረጡ።

ዲስኩ ገባ። ሥዕሉ ቆመ። ቀለሙ እንዲያውም ይበዛል፤ የሰው ሁሉ ፊት እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ፂማሙ ሰውዬ ከጭረቱ ጋር ጠባሳ አውጥቶ መኪና ይነዳል፣ ይሮጣል፣ ይደባደባል። ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። ባትሪ ሠሪው ግን ሁለቴ አይቶታልና እየቀደመ ይተርካል፤ ጎሚስታው ደግሞ ትርክቱን ያርማል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ተቆጣጣሪው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንም ሳያያቸው መነጽራቸውን በመሐረብ ወልውለዋል።

«አሁን ነው» አለች ልጃቸው በቀስታ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ፂማሙ ሰውዬ ከተቆለለ ሣጥን ጋር አንድ የመጋዘን በር ላይ ይደርሳል። በሩ ላይ ደንብ ልብስ የለበሰ ተቆጣጣሪ ቆሟል። ከሳ ያለ፣ መነጽር ያደረገ። ልጃቸው ነው።

ልጁ የሰውዬውን ወረቀት ተቀበለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ፣ ገለበጠው፣ በብርሃን አየው፤ ከዚያ ወረቀቱን ትቶ ሰውዬውን በዚያው ዓይን ከእግር እስከ ራሱ መረመረው። ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ እፍ አለበት። ሰውዬው ተስፋ አደረገ። ልጁ ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ አወረደ፣ አወረደና ወረቀቱን ሳይነካ ወደ ኪሱ መለሰው። አንድ ቃል ተናገረ። እምቢታ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻም።

ባትሪ ሠሪው ሳቁ አመለጠው። ሁለቴ ሲያየው ያልታየው ነገር አሁን፣ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ታየው።

«ቁርጥ እርሳቸውን—» አለና የቀረውን ዋጠ።

 ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። ባለቤታቸው እጃቸውን እያፍተለተሉ ነው፤ ለካ የዚያን ቀን መነጽሩን ብቻ ነግረው ሌላውን የዋጡት ለዚህ ነበር። ጎሚስታው ነገሩ ቢዘገይም ገባውና ሪሞቱን ፈልጎ ሥዕሉን ሊያሳልፍ ተቻኮለ።

«መልሰው» አሉ ተቆጣጣሪው።

ጎሚስታው መለሰው። ልጁ መነጽሩን ሰቀለ፣ ወረቀቱን አሸተተ፣ እፍ አለ፣ ከለከለ።

«ደግመህ መልሰው።»

ደግሞ ከለከለ። ባሕር ማዶ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልጃቸው መሥሪያ ቤቱን ወርሶ በር ላይ ቆሟል። ማንንም አያሳልፍም። ሲመልሱት እንደገና ይቆማል። ተቆጣጣሪው ስንቴ እንዳስመለሱት የቆጠረ የለም፤ ባትሪ ሠሪው መሐል ላይ ሥራ አለኝ ብሎ ወጥቷል፣ በእሑድ።

በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉ። ሁሉም ቀና ብሎ ጠበቀ። ጎሚስታው ዝም ቢል የሚሞት ይመስል ጠየቃቸው።

«ስልክ ሲደውል ምን ልበለው አባባ?»

ተቆጣጣሪው አሰቡ። ለልጃቸው መልእክት ሲልኩ ከዚያች ስልክ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ማኅተም እፍ ሲባል ጉንጭ አይነፋም በለው» አሉ። «ጉንጭ የሚነፋ ጎሚስታ ነው። በከንፈር ጫፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ስሕተት በሕዝብ ፊት አይሠራም።»

ጥቂት እንደ መራመድ አሉና በሩ ላይ ቆሙ።

«መነጽር አሰቃቀሉ ደኅና ነው።»

ባለቤታቸው ክሪኩን ሲሻገሩ ያለቅሱ ነበር። ተቆጣጣሪው የጎማ ሽታው ነው አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳይጠሩ መጡ። ኪሳቸው ውስጥ ፒንሳውና ሽቦው አለ። የመጡበትን ጉዳይ በአጭሩ አስረዱ። ይህን ማጫወቻ ሠሪው አያውቀውም፣ አገር አያውቀውም፣ ያለውም መጥፎ እጅ ላይ ነው፤ ማንም እየከፈተ ቢነካካውና የሚያጫውተውን ማጫወት ቢተውስ? ስለዚህ ይታተማል። ማኅተም ደግሞ ጥለውት አይሄዱም፤ መነካት አለመነካቱ በየሳምንቱ እየተመጣ መታየት አለበት። ደንብ ነው። ሲመረምሩ ዕቃው ሥራ ላይ መሆን ስላለበት ዲስኩም ይግባ።

«ማለፉ ነው አባባ?» አለ ጎሚስታው፣ ሊያቅፋቸው ምንም ሳይቀረው።

«ዕቃህ ዕቃ አይደለም» አሉት። «ያሳለፍኩት ሌላ ስለሌለ ነው።»

ማጫወቻውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መነጽራቸውን ሰቀሉ። ብሎኖቹን በሽቦ አያያዙ፣ እርሳሷን አስገቡ፣ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ልጃቸው፣ ባለቤታቸውና ጎሚስታው ከበው ቆመው ያያሉ።

ተቆጣጣሪው እፍ አሉ።

ጎሚስታው ሞኝ ነው፣ በዚህ ማንም አይከራከርም፤ የተነፋ ነገር ግን ሲያይ ያውቃል፣ እንጀራው ነው። የአማቱን ግራ ጉንጭ አየ። ቀኙን አየ። ሁለቱም ፊልሙ ላይ እንዳለው ልጃቸው፣ ልክ እንደ እሱ፣ ሊፈነዱ ደርሰዋል። አፉን ከፈተ። ሚስቱ እግሩን ረገጠችው።

ተቆጣጣሪው እርሳሷን ጨመቁና ቀና አሉ።

«በከንፈር ጫፍ» አሉ። «አያችሁ?»

«አየን» አሉ ሦስቱም።